ሰው የሚደገፍበት ድረስ

ሐምሌ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ደሴ

የክፍሉ ርዝመት 4.20 ሜትር፣ ወርዱ 3.60፣ ከወለል እስከ ኮርኒስ 2.70። ዙሪያው 15.60 ሜትር። የአራቱ ግድግዳዎች ስፋት 42.12 ካሬ ሜትር ነው፤ በሩና መስኮቱ የሚይዙት 3.33 ሲቀነስ 38.79 ይቀራል። አንድ ሊትር ቀለም በእንዲህ ያለ ልስን ላይ ስምንት ካሬ ሜትር ይሸፍናል ብዬ ይዣለሁ። ለሁለት እጅ ቅብ 9.70 ሊትር፤ ለብክነት አሥር በመቶ ሲጨመርበት 10.67። ባለ አራት ሊትሩ ሦስት ጋሎን ይበቃል።

ዛሬ ጠዋት ያስለካችኝ እናቴ ናት። የሜትሩን አንድ ጫፍ ራሷ ይዛልኝ ነበር። «ለዓውደ ዓመት ይድረስ፤ ለፈንታሁን ቃል ገብቼለታለሁ» አለች። እኔም ለካሁ።

የቀረውንም በዚሁ ቅደም ተከተል ልጻፈው። ወንድሜ ፈንታሁን ሞቷል። ትናንት ከቀትር በፊት ኮምቦልቻ ቢሮዬ ውስጥ ሳለሁ ዘካሪያ ደወለልኝ። ዘካሪያ ከወንድሜ ጋር በጅቡቲ አድርጎ ወደ ሳዑዲ የወጣው የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ከሰላምታው በፊት «አጠገብሽ ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ባልደረቦቼ እንዳሉ ነገርኩት። እሱም «እስከዳር፣ ወላሂ እኔ ባልነግርሽ ደስ ይለኝ ነበር» አለ። የመን ውስጥ ነው፤ ሰኔ 23 ቀን፣ በትኩሳት፣ ድንበሩ ጋ ሳይደርሱ። የቀበረው ራሱ ዘካሪያ ነው። «ቄስ የሚባል እዚያ አይገኝም። የማውቀውን ዱዓ አድርጌለታለሁ፤ ቅር እንዳትሰኙብኝ» አለኝ። ቅር አልተሰኘሁም። አመስግኜው ስልኩን ዘጋሁና ጀምሬ የነበረውን የመሠረት ኮንክሪት ስሌት ጨረስኩ። ስህተት እንደሌለበትም ደግሜ አረጋግጫለሁ።

እናቴ አላወቀችም። በሰኔ መጨረሻ ግፊቷ ከፍ ብሎ፣ ስልኳን ጉልበቷ ላይ እንዳስቀመጠች ደንዝዛ አግኝቻት ነበር። ከሆስፒታል ገና መውጣቷ ነው። ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳይነካት አጥብቆ አሳስቦናል።

ሐምሌ 6፣ እሑድ

አጎቴ ማረው ከኮምቦልቻ መጡ። የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ የፈንታሁንን ነገር ነግሬያቸው ነበር። ለእሷ «ላይሽ ብዬ ነው እትዬ» አሏት። ቆይተው እኔን ወደ ጓሮ ጠሩኝ።

«መርዶ በሥርዓቱ ነው የሚነገረው። አሁን ግን አይሆንም። አንደኛ ሕመሟ አለ። ሁለተኛ ክረምት ነው፤ በዚህ ጭቃ ድንኳን አይተከል፣ ሰው አይሰበሰብ። ዝናቡ ይውጣ።»

«ቀለሙስ ጋሼ?»

«የምን ቀለም?»

ነገርኳቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉት።

«ኋላ ሰው ምን ይለናል? ልጇ አፈር ለብሶ እሷ ግድግዳ ታሳምር ነበር አይልም? ሐዘን የገባበት ቤት ሙት ዓመቱ ሳይወጣ ቀለም አይነካውም። ይኼን ታውቂያለሽ። አዘግዪው።»

«ምን ብዬ?»

«ኢንጂነር አይደለሽ እንዴ? አስልተሽ አዘግዪዋ።»

ስለ ክፍሉ አንድ ነገር ማስፈር ይገባል። አባታችን በሕይወት ሳለ ለፈንታሁን ብሎ በግቢያችን ጥግ ያሠራው ነው፤ ተለሰነ፣ ቀለም ግን ሳይነካው ቀረ። ባለፈው ዓመት ፈንታሁን ሊያገባት ያሰባት ልጅ ዘመዶች ቤቱን ሊያዩ መጥተው ነበር። አንደኛው አጎቷ የጠቆረውን ልስን በጥፍሩ ፋቅ አድርጎ «ዕቃ ቤቱንስ አየነው፤ የልጁ ቤት የትኛው ነው?» አለ። አብረውት የመጡት ሳቁ። ነገሩ በዚያው ቀረ። ፈንታሁን መሄድን ማውራት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። እናቴ የዚያን ዕለት የተባለውን አንድም ጊዜ አንስታው አታውቅም። ሰዎቹን እስከ በር ሸኝታ፣ ተመልሳ የጠጡበትን ብርጭቆ አጠበች።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

ወደ ኮምቦልቻ፣ ሚኒባስ ውስጥ። ሐረጎ ዳገት ላይ ጉም፤ ሹፌሩ በመብራት ነው የሚነዳው።

እናቴን ልስኑ ርጥበት ይዟል፣ በርጥበት ላይ የተቀባ ቀለም ይላጣል አልኳት። እውነት ነው። እውነት የሆነ ሰበብ እንደ ውሸት አያስጨንቅም ብዬ ነበር። ያስጨንቃል።

«ታዲያ መቼ ይደርቃል?» አለችኝ።

«ፀሐይ ሲወጣ።»

«ጥሩ። ፀሐይን እንጠብቃታለን።»

ሐምሌ 20፣ እሑድ

ጎረቤታችን እትዬ ሰርካዲስ ጉዳዩን ከአጎቴ ሰምተዋል፤ የእድሩ ሰዎች ማወቅ ነበረባቸው። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በር ላይ ያዙኝ።

«እኔስ እናትሽን ዓይን ዓይኗን ማየት አቃተኝ። ዛሬ ጠዋት ስትስቅልኝ ወደ ቤቴ ገብቼ ተቀመጥኩ። ደግሞ ቀለም ልታስቀቡ ነው የሚሉት እውነት ነው?»

«ገና እየለካሁ ነው።»

«ስንት ጊዜ ነው የሚለካው አንቺዬ? ግድግዳው አያድግ። ብቻ ኋላ በእናትሽ ስም እንዳይተረት። አንቺ የተማርሽ ነሽ።»

የተማርሽ ነሽ የሚለውን በአንድ ወር ውስጥ ከሁለት ሰው ሰማሁት። «የሚመጣው ነውር በአንቺ ላይ ይቆጠራል» ማለት እንደሆነ ተረድቻለሁ።

እናቴ ከታመመች ወዲህ «ፈንታሁን ደወለ ወይ?» ብላ አልጠየቀችኝም። ድሮ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ነበር የምትጠይቀኝ። ለጥያቄው መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ ኔትወርክ የሌለበት የእርሻ ቦታ ሥራ ገብቷል የሚል። ስላልጠየቀችኝ መልሱን አልተጠቀምኩበትም። ይህም እፎይታ ነው ብዬ እይዘዋለሁ።

ነሐሴ 2፣ ዓርብ

የፈንታሁን አርባ ደርሷል። አጎቴ ኮምቦልቻ ባለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ጸሎተ ፍትሐት በስውር እንዲደርስለት ከካህኑ ጋር ተነጋግረው ነበር። ካህኑ የክርስትና ስሙን ጠየቋቸው። አጎቴ አያውቁትም። እኔ ዘንድ ደወሉ። እኔም አላውቀውም።

የወንድሜን የጫማ ቁጥር አውቃለሁ፤ የደም ዓይነቱን አውቃለሁ። በእግዚአብሔር ፊት የሚጠራበትን ስም አላውቅም። የምታውቀው ክርስትና ያስነሳችው እናቴ ብቻ ናት፤ ጠይቄ ካወቅሁት ደግሞ ለምን እንደጠየቅሁ ታውቃለች።

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

ሽንኩርት ስትከትፍ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ነገሩን ከራሴ መጀመር የተሻለ መስሎኝ ነበር።

«እማ፣ የእኔ የክርስትና ስም ማን ነበር?»

«ወለተ ሐና። ዛሬ ምን አስታወሰሽ?»

«እንዲሁ ነው። ፍልሰታ ስለሆነ። የፈንታሁንስ?»

ቢላዋውን አስቀመጠች።

«የእሱን ለንስሐ አባታችን ሰጥቻቸዋለሁ። አንቺ አትልፊበት» አለችኝ። ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ሽንኩርቱ የሰሞኑ የክረምት ሽንኩርት ነው፤ ኃይለኛ ነው።

ለመንገደኛ ማስጸለይ የቆየ ልማዷ ነው። ከዚያ በላይ አልገፋሁም።

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ

ንስሐ አባታችንን ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም አገኘኋቸው። ነገሩን ልነግራቸው ስጀምር መስቀላቸውን አሳለሙኝና «ተደርሷል ልጄ። በስሙ ተጠርቷል» አሉኝ። አጎቴ ቀድመውኝ መሆን አለበት ብዬ ደወልኩላቸው።

«እኔ? ስሙን ከየት አምጥቼ?» አሉኝ።

አጎቴ ሰሞኑን ብዙ ነገር ይረሳሉ። እርጅናም ነው፤ ጭንቀትም ነው።

ነሐሴ 11፣ እሑድ፣ ማታ

እናቴ አትጹሚ ብትባልም ፍልሰታን እየጾመች ነው። ዛሬ ከኪዳን ስትመለስ በቀጥታ ወደ ፈንታሁን ክፍል ገባች፤ ተከተልኳት። አልጋው ተነሥቷል። መሀል ላይ ቆማ ግድግዳዎቹን በዓይኗ ዞረቻቸው።

«ዙሪያው ስንት ነው ያልሽኝ?»

«15.60 ሜትር።»

«ሰው ግድግዳውን ተጠግቶ ቢቀመጥ ስንት ሰው ይይዛል?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብልኝ የማስበው ስለ መልሱ ብቻ ነው። በሩን ቀነስኩ፤ 14.70 ቀረ። ለአንድ ሰው ግማሽ ሜትር ሰጠሁ። ማዕዘኖቹ ላይ ጉልበት ለጉልበት ስለሚጋጭ ሦስት ሰው ያህል አጎደልኩ።

«ሃያ ስድስት።»

«ሃያ ስድስት» ብላ ደገመችው። «ይበቃል። ሌላው ድንኳን ውስጥ ይሆናል።»

ለሠርግም ድንኳን ይተከላል። ለሠርግም ሰው ግድግዳ ተጠግቶ ይቀመጣል። ልጇ ሲመለስ እንደምትድረው ማሰቧ ነው፤ ሌላ ማሰብ አልቻልኩም።

ቀጥላ በርጩማ አስመጣችኝና ግድግዳው ሥር ተቀመጠች። ጀርባዋን አስደገፈች፣ ራሷን ወደ ኋላ ጣለች፣ ዓይኖቿን ጨፈነች።

«ራሴ ከደረሰበት ከፍ አድርገሽ ምልክት አድርጊ።»

በእርሳስ አሰመርኩ። ከወለል 1.20 ሜትር ነው።

«እስከዚህ ድረስ ዘይት ቀለም ይሁን። ሰው የሚደገፍበት ድረስ። ያኛው ቀለም ሲደገፉት ይወዛል፤ ይኼ ግን በጨርቅ ቢጠርጉት ወዙ ይለቃል።»

«እማ፣ ሰው እንግዲህ ስንት ቀን ይደገፈዋል?»

«እሱን ለእኔ ተይው» አለች።

እንደገና አሰላሁ። የታችኛው ክፍል 14.70 በ1.20፣ 17.64 ካሬ ሜትር፤ መስኮቱ ከዚያ በላይ ስለሚጀምር የሚቀነስ የለም። ዘይት ቀለም በአንድ ሊትር አሥር ካሬ ሜትር ቢሸፍን፣ ለሁለት እጅ ከነብክነቱ 3.88 ሊትር፤ አንድ ጋሎን ልክ ይመጣል። የላይኛው 21.15 ካሬ ሜትር፤ ፕላስቲክ ቀለም 5.82 ሊትር፤ ሁለት ጋሎን። ድምሩ እንደ ሐምሌው ሦስት ጋሎን ሆነ። ስሌቱ መልሶ ወደ ራሱ ሲመጣ ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ ከዚህ በኋላ የማዘገይበት ቁጥር እንደሌለኝ ብቻ ነው ያየሁበት።

ነሐሴ 19፣ ሰኞ

ከቢሮ። አጎቴ ደወሉ። መርዶው ከዓውደ ዓመት በኋላ በመጀመሪያው እሑድ እንዲሆን ሽማግሌዎቹ ተስማምተዋል።

«ቀለሙን አቆምሽ?»

«እያሰላሁ ነው።»

«ጎሽ።»

የሚሰላው ነገር ካለቀ ሰንብቷል።

ነሐሴ 26፣ ሰኞ

ከኮምቦልቻ ስመለስ ግቢው ውስጥ አንድ ሰው መሰላል ይዞ ቆሟል። እናቴ በእግሯ ሰኞ ገበያ ወርዳ ይዛው መጥታለች። ሙባረክ ይባላል፤ ቀለም ቀቢ ነው። እናቴ ሐኪሙ ዳገት አትውጪ ያላት ሴት ናት።

«ይቺ ናት ኢንጂነሯ?» አለ። «እማማ ሙሉመቤት፣ እኔ በግምት አምስት ጋሎን ብያለሁ።»

«ሦስት ይበቃል» አልኩት።

«አምስት።»

«ስፋቱን ልንገርህ?»

«ስፋቱን ተይው። ሁለቱ ለእኔ በር ነበር፤ ሚስቴ ካልቀባህ አልከፍትልህም ብላኛለች። አሁን እንግዲህ ውጭ ማደሬ ነው።»

እናቴ ሳቀች። ከሰኔ ወዲህ ድምፅ አውጥታ ስትስቅ የሰማሁት ይህን ብቻ ነው። በደስታ መስማት ይገባኝ ነበር።

ሙባረክ የቅቤ ቀለሙ ለላይ፣ ቡናማው ለታች እንደሚስማማ ተናገረ። ግድግዳውንም በእጁ መዳፍ ዳሰሰና «ደርቋል፤ ነገ ስንጥቁን በስቱኮ መድፈን እንጀምራለን» አለ። ከዚያ ልብ ሳይለው ጠየቃት።

«ሙሽራው መቼ ነው የሚገባው?»

«መንገድ ላይ ነው» አለችው።

ወደ ቤት ገብቼ ውሃ ጠጣሁ። ላስቆመው ይገባኝ ነበር። አጎቴ የሰጡኝ ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም አልሠራሁትም። ማስቆም የምችለው እውነቱን በመናገር ብቻ ነው፤ እውነቱን ደግሞ የመናገር ፈቃድ የለኝም። ስሌቱን በወረቀት ላይ በግልጽ ጽፌ ለሙባረክ ሰጠሁት።

ጳጉሜ 1፣ ቅዳሜ

አንድ ነገር በስሌቱ ውስጥ ሳላስገባ ቆይቻለሁ። አልጋው በነበረበት ጎን፣ ፈንታሁን ተኝቶ እጁ በሚደርስበት ከፍታ፣ በማርከር የጻፋቸው ቃላት አሉ። ከመሄዱ በፊት አረብኛ የሚያጠናው እያነበባቸው ነበር፤ በእኛው ፊደል ነው የጻፋቸው። ሹግል፣ ሥራ። ቡክራ፣ ነገ። ፊን፣ የት። ሞያ፣ ውሃ። በመጨረሻዋ ይቀልድ ነበር፤ «እዚህ ሞያ የለህም ያሉኝ ሰዎች፣ እዚያ ሄጄ ሞያ ስለምን ባዩኝ» ይል ነበር።

ስፋቱ 0.70 በ0.60 ነው። ሙባረክን ትናንት «ይህን ዝለለው» አልኩት። እንደ መስኮት ቀነስኩት።

ዛሬ የመጀመሪያው እጅ አልቆ እናቴ ልታይ ገባች። ያልተቀባውን ቦታ አየችው። ጎንበስ ብላ ቃላቱን አንድ በአንድ፣ ድምፅ እያወጣች አነበበቻቸው። የመጨረሻዋ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ውሃን ሞያ ነው የሚሉት?»

«አዎ እማ።»

«ሞያ» አለች፤ እንደገናም «ሞያ» አለች፤ ልጅ አዲስ ቃል እንደሚለምድ።

ዘካሪያ ከነገረኝ ውስጥ በሐምሌ ያልጻፍኩት አለ። ወንድሜ ትኩሳቱ ሲጸናበት አማርኛውን ትቶ የሚደጋግመው ያችን ቃል ብቻ ነበር። ዘካሪያ «ይሰጠው ነበር፤ ሰጥቼዋለሁ፤ ግን እየጠጣም ይጠይቅ ነበር» አለኝ። የስቱኮው አቧራ ዓይኔ ገባ ብዬ ወጣሁ። ስመለስ እናቴ ቀና ብላ ቆማለች።

«ይቀባ» አለች።

«ይቆይ እማ። ትንሽ ቦታ ናት።»

«ሰው እያነበበ ከንፈር የሚመጥጥበት አላደርገውም። አይሆንም። ሙባረክ፣ ቀባው።»

ሰው ስትል እነዚያን የልጅቷን አጎቶች ማለቷ ይመስለኛል። ሙባረክ ራሱን ነቀነቀ።

«እማማ፣ ማርከር ነው። ቀለሙን ሰብሮ ይወጣል። ሁለት እጅ አይበቃውም።»

«ሦስተኛውን እጅ እኔ እጨምርበታለሁ» አለችው።

ሁለተኛው እጅ ላይ ቃላቱ በእርግጥ እንደ ጥላ ወጡ። ብሩሹን ከሙባረክ እጅ ተቀብላ በርጩማው ላይ ተቀመጠችና ሦስተኛውን ቀባችው። ቀስ ብላ፣ ከላይ ወደ ታች፤ ሕፃን እንደምታጥብ። ሙባረክ ቀልድ ሊጀምር አፉን ከፈተና ተወው። ቀለሙ ለዚያም በቃ፤ አሥር በመቶ ጨምሬ ነበርና።

ጳጉሜ 4፣ ማክሰኞ

አጎቴ መጥተው አዩት። እናቴ ገበያ ነበረች። በሩ ላይ ቆመው አልገቡም።

«ምን አደረግሽ?»

ባዶውን የቀለም ጣሳ ከመግቢያው አነሣሁ።

«እሷማ ምን ታውቃለች፤ ምስኪን። ነውሩ የአንቺ ነው። በመርዶው ማግሥት ሰው ይኼን ሲያይ ምን እንበለው? ቀለም ይሸታል እኮ።»

«መስኮቱን ከፍቼዋለሁ ጋሼ።»

ይህን ማለት አልነበረብኝም። ኮፍያቸውን አጥብቀው ሄዱ። ትክክል ናቸው። ሦስት ጋሎን ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

መስከረም 1 ቀን 2018፣ ሐሙስ

እንቁጣጣሽ። እናቴ ዶሮ ዘንድሮ ይቅር አለች፤ አልጠየቅኋትም። አበባየሆሽ ሊሉ ለመጡት ልጆች ዳቦ ሰጥታ እስኪጨርሱ ቆማ አዳመጠቻቸው።

በቀን ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም፣ ክፍሉ እየገባች የታችኛውን ግድግዳ በእጇ ጀርባ ትነካዋለች። ዘይት ቀለም በደሴ ብርድ ቶሎ አይጠናም። «ገና ይይዛል» ትለኛለች። እሑድ ይጠናል አልኳት። ከዚያ በኋላ ነው እሑድ ምን ቀን እንደሆነ ያስታወስኩት።

«እሑድ ጥሩ ነው» አለችኝ።

መስከረም 3፣ ቅዳሜ

ነገ። በሩን የምከፍትላቸው እኔ ነኝ። የግፊት መድኃኒቷን ማታ እንድሰጣት፣ ውሃ በቅርብ እንዳኖር፣ ሁለት ጠንካራ ሴቶች በግራ በቀኟ እንዲቆሙ ተነጋግረናል። ምንም አልረሳንም።

መስከረም 8፣ ሐሙስ

ሰልስቱ ካለፈ በኋላ የምጽፈው ነው። ቅደም ተከተሉን ለመጠበቅ እሞክራለሁ።

እሑድ ጎሕ ሳይቀድ አጎቴ፣ ንስሐ አባታችን፣ እትዬ ሰርካዲስ፣ ሁለቱ ሴቶችና የእድሩ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው በሩ ላይ ደረሱ። ልከፍትላቸው ስወጣ የግቢው መብራት በርቶ አገኘሁት። እናቴ ጥቁር ለብሳ የፈንታሁን ክፍል በር ላይ ቆማለች። ከኋላዋ አግዳሚዎች በአራቱም ግድግዳ ዙሪያ ተደርድረዋል። መቼ እንዳመጣቻቸው፣ ከማን እንደተዋሰቻቸው አላውቅም። ሽማግሌዎቹ ባሉበት ቆሙ።

«ቀለሙ ደርቋል» አለቻቸው። «ግቡ።»

ገቡ። ተቀመጡ። አጎቴ ብቻ ቆመው ቀሩ። ሲለማመዱት የሰነበቱትን ጀመሩ።

«እትዬ፣ እንግዲህ እግዚአብሔር የሰጠውን...»

«ማረው፣ አትድከም። ተቀመጥ።»

አጎቴ ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው ክፉ ነበር። እናቴ አየቻቸው።

«እሷ አይደለችም። እሷማ ክረምቱን በሙሉ አፏን ቆልፋ ከረመች። ዘካሪያ አስቀድሞ የደወለው ለእኔ ነው፤ በሰኔ። እስከዳርን ሥራ ቦታዋ ላይ፣ አጠገቧ ሰው እያለ ንገራት ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ። በዚህ አፌ ለልጄ መርዶ እንዴት ልንገር?»

እትዬ ሰርካዲስ ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ አነሡ።

«ታዲያ ሙሉዬ፣ እያወቅሽ ነው ይኼን ቀለም...»

«እያወቅሁ ነው። ብትነግሩኝ ኖሮ ማልቀስ ነበረብኝ። ካለቀስሁ ደግሞ ቤቱ የሐዘን ቤት ነው፤ ማን ይቀባልኛል? ልጄን ዕቃ ቤት ውስጥ አላስለቅስለትም። ቤት ነበረው። ነውር ካላችሁት የእኔ ነው፤ እሷን አንድ ሰው እንዳይናገርብኝ።»

ንስሐ አባታችን መሬት መሬት ያዩ ነበር። ሁሉም የሚጠብቀው የእሷን ለቅሶ ነበር፤ ሁለቱ ሴቶችም እንደተነጋገርነው ሊደግፏት በግራ በቀኟ ተጠጉ። እሷ ግን ወደ እኔ መጣች። ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች። እጆቿ ተርፐንታይን ይሸታሉ።

«አንቺ እኮ አላለቀስሽም» አለችኝ።

«አዎ» አልኩ።

ስለ ግድግዳው አንድ ነገር ልናገር ፈልጌ ነበር፤ ምን እንደነበር አሁን አላስታውሰውም። አፌን ስከፍት የወጣው ቃል አልነበረም። የማን ድምፅ እንደሆነ ለማወቅ ዞር ያልኩ ይመስለኛል። ከዚያ ወለሉ ላይ ነበርኩ። ሁለቱ ሴቶች ለእሷ የተዘጋጀውን ውሃ ይዘው ወደ እኔ ሮጡ፤ አንደኛዋ ክንዴን ይዛ ልታነሣኝ፣ ዝም ልታሰኘኝ ሞከረች። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ራሴን ጭኗ ላይ አደረገችው።

«ተዉአት» አለቻቸው። «እሷ ገና ዛሬ መስማቷ ነው።»